7 ሜትር ገደማ ባለ ሸራ ጀልባ ለጅቡቲ ዳርቻ፦ የሚነሳ ኪል ወይስ ቋሚ ኪል?

የከዚራው

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ቤቴ ድሬ፣ ከዚራ ነው። ሥራዬ ግን ጅቡቲ ወደብ ስለሆነ እየተመላለስኩ ነው የምኖረው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ልንገዛ አስበናል። ውቅያኖስ የማቋረጥ ሐሳብ የለንም። በእረፍት ቀናችን ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች መሄድ፣ እዚያው ጀልባዋ ላይ ማደር፣ ሲመቸን ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ዳርቻውን መጓዝ ነው የምንፈልገው። ሸራ በሰው ጀልባ ላይ ሞክረናል። የራሳችን ግን ኖሮን አያውቅም።

ሁለት አይተናል። ሁለቱም ፋይበርግላስ፣ ሁለቱም ያረጁ ናቸው። የመጀመሪያዋ 6.7 ሜትር ናት። ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር የሚወርደው ክንፍ፣ በካቦ ተስቦ ይነሳል። ሲነሳ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ትንሳፈፋለች። ውስጧ ሰፊ ነው፤ አራት ሰው ያስተኛል። ሁለተኛዋ 7.2 ሜትር ናት። ኪሏ ቋሚ ነው፤ 1.2 ሜትር ጥልቀት ትፈልጋለች። ጠባብ ናት፣ ውስጧ ጎንበስ ካላልክ አትንቀሳቀስም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

ጓደኞቼ የመጀመሪያዋን ወደዋታል። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ምኑን ልይ? ምኑን ልጠይቅ?

ምጽዋ_ሐረር

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሐረር ተቀምጬ ስለ ሸራ የሚጠይቅ ወጣት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ። ሸራ የተማርኩትም እዚያ ነው።

ከኪሉ አትጀምር። ከነፋሱ ጀምር።

ሙሻ ደሴት ከጅቡቲ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ 15 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ባብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ስለዚህ ስትሄድ ነፋሱን ፊት ለፊት ትታገለዋለህ፣ ስትመለስ ከኋላህ ይገፋሃል። ይህ ለጀማሪ መልካም ነው። ከደከመህ ወይም ባሕሩ ካልጣመህ ዞር ትልና ቤትህ ትገባለህ።

በክረምት ግን ካምሲን ይነሳል። ከምዕራብ፣ ከበረሃው የሚመጣ ደረቅና ትኩስ ነፋስ ነው፤ አቧራም ይሸከማል። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ዳርቻው ላይ ሆነህ ስታየው ባሕሩ ዝርግ ነው። ነፋሱ ከመሬት ስለሚነሳ እዚያ አጠገብ ሞገድ የሚያሳድግበት ርቀት የለውም። ሸራህን ትከፍታለህ፣ ጀልባዋ ትበራለች፣ ደስ ይልሃል። ከዳርቻው በራቅክ ቁጥር ሞገዱ እያደገ ይመጣል፤ አንተ ግን ነፋሱ ከኋላህ ስለሆነ ጥንካሬው አይሰማህም። ልመለስ ብለህ አፍንጫዋን ስታዞር ነው እውነቱን የምታየው። የሚገፋህ ደግሞ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ ነፋሱ ሲበረታ፣ ሸራ ቀንሼ፣ ነፋሱን እየተጋፈጥኩ ወደ ቤቴ የምመለሰው በየትኛዋ ነው? አልጋና ስፋት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የሁለቱን ጠቅላላ ክብደትና የኪላቸውን ክብደት ጠይቅና እዚህ ጻፍልን።

መገላ_ልጅ

ወንድሜ ለገንዘባችሁ አዝኜ ነው የምጽፈው፤ ሞተር ጀልባ አይሻልም? ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ በሞተር አይደል የሚሄዱት? ነፋስ አለ የለም ብሎ መጨነቅ የለም፣ በአንድ ሰዓት ሙሻ ናችሁ።

የከዚራው

ለመገላ_ልጅ፦ ማሰብህ ጥሩ ነው፤ ሞተር ያልፈለግነው ጉዞው ራሱ ስለሚያስደስተን ነው። ቤንዚን ማቃጠልም አንፈልግም። ለወደብ መግቢያና መውጫ ትንሽ ሞተር ትኖራለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያዋ ጠቅላላ 1,150 ኪሎ፣ ኪሏ 250 ኪሎ። ሁለተኛዋ ጠቅላላ 1,900 ኪሎ፣ ኪሏ 800 ኪሎ። ውኃ ላይ ያለው ርዝመት የመጀመሪያዋ 5.9 ሜትር፣ የሁለተኛዋ 5.6 ሜትር ነው ተብለናል።

መካኒካል_መምህርት

ቁጥሩ መጣ፤ ስለዚህ እኔም ልግባ። የማስተምረው መካኒክስ ነው። ላንጋኖ ላይ ከሚቀዝፉ ወዳጆች ጋር ትንሽ ሸራ ይዤ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዋ ከክብደቷ 22 በመቶው ብቻ ነው ኪሏ ላይ ያለው። የሁለተኛዋ 42 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ጀልባ ቆሞ የሚሄደው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ስፋቱ ነው። ሰፊ ጀልባ ዘንበል ሲል በተዘነበለበት በኩል ብዙ ውኃ ይገፋል፤ ውኃው መልሶ ያነሳዋል። ሁለተኛው ከታች ያለው ክብደት ነው። አንድ ኩንታል ባጃጅ ጣራ ላይ ስትጭንና ወለሉ ላይ ስታስቀምጥ ኩርባ ላይ ያለውን ልዩነት ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኪል ሥራው ያንን ኩንታል ከወለሉም በታች፣ ውኃ ውስጥ ማውረድ ነው።

ሁለቱ የሚሠሩበት ጊዜ ግን ይለያያል። በስፋቱ የሚቆም ጀልባ መጀመሪያ ላይ ደንደን ያለ ነው፤ ብትረግጠው አይነቃነቅም። ገበያ ላይ ስታየው ደስ የሚለው ለዚህ ነው። ከተወሰነ ማዘንበል በኋላ ግን ጉልበቱ በፍጥነት ያልቃል። በክብደት የሚቆመው ደግሞ ቶሎ ዘንበል ይላል፤ ተሳፋሪ ያስደነግጣል። ነገር ግን ባዘነበለ ቁጥር ኪሉ እየራቀ ሄዶ የሚመልሰው ጉልበት ይጨምራል። ጥሩ ቋሚ ኪል ያለው ጀልባ ምሰሶው ውኃ ቢነካ እንኳ ተመልሶ ይቆማል። ብዙዎቹ እስከ 110 እና 120 ዲግሪ ድረስ ቢያዘነብሉ የመመለስ አቅም አላቸው። ቀላል ኪል ያላቸው ጀልባዎች ከዚህ በጣም ሊያንሱ ይችላሉ።

ፍጥነት እንዳያሳስባችሁ። የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ከፍተኛ ፍጥነት ውኃ ላይ ካለው ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። የርዝመቱን ስኩዌር ሩት ወስደህ በ2.43 ብታባዛ በኖት ይመጣልሃል። የመጀመሪያዋ 5.9 ኖት፣ የሁለተኛዋ 5.75 ኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ኢምንት ነው።

ልዩነት የሚፈጥረው ነፋስን ተጋፍጦ መሄድ ላይ ነው። ማንኛውም እንዲህ ያለ ጀልባ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ከ45 ዲግሪ ገደማ በላይ መጠጋት አይችልም። ስለዚህ በዚግዛግ ነው የሚሄደው። ቀጥታ 15 ኪሎ ሜትር የሆነው ሙሻ በዚግዛግ 21 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ4 ኖት ብትሄዱ ሦስት ሰዓት ልትደርሱ ትንሽ የቀራችሁ ያህል ነው። ይህም ጀልባዋ ወደ ጎን ካልተንሸራተተች ነው። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት ኪሏ ነው። ኪሉን ግማሽ አንስታችሁ ነፋስ ለመጋፈጥ ብትሞክሩ አፍንጫዋ ወደ ደሴቱ እያየ ራሷ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ጅቡቲ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ድሬ ሳቢያን ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ጅቡቲ ውስጥ ቱሪስት በሚጭኑ ባለ ሸራ ጀልባዎች ላይ እሠራለሁ። ጋሼና መምህርት ያሉት ልክ ነው። ግን ለሚነሳው ኪል ማንም አልተሟገተለትም፤ እኔ ልሟገትለት።

በእኛ ባሕር ትልቁ ጠላት ኮራል ነው። ሙሻና ማስካሊ ዙሪያቸውን ኮራል ነው የከበባቸው። ባሕሩ ከፍና ዝቅ የሚልበት ልዩነት በአንዳንድ ቀን ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠዋት በምቾት ያለፍክበት ቦታ ከሰዓት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። 1.2 ሜትር የሚወርድ ቋሚ ኪል ኮራል ላይ ካረፈና ባሕሩ ከሸሸ ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች። ሞገድ ካለ ደግሞ እየተነሳች ትወድቃለች። የሚነሳ ኪል ያለው ሰው ካቦውን ስቦ ወደ ኋላ ይወጣል። ነፋስ ሲመጣም ቋሚ ኪል የማይደርስበት ጥግ ገብቶ ይደበቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የምትገዙት እሷን ከሆነ ጠንቅቃችሁ የምታዩት አንድ ነገር አለ። ኪሉ ወርዶ ሲቆም የሚቆለፍበት ፒን ወይም ቡሎን አለው? ካልተቆለፈ ጀልባዋ ክፉኛ ስታዘነብል ኪሉ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይገባል። ክብደቱ በጣም በሚያስፈልግበት ደቂቃ ከቦታው የለም ማለት ነው። ቁልፉ አለ ተብሎ ቢነገራችሁ እንኳ ራሳችሁ ቆልፋችሁ ሞክሩት።

ባቡር_ወርክሾፕ

እህቴ ጅቡቲ_ማዶ የነካችው እኔን የሚመለከት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ድሬ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ላይ ነው። ጀልባ አልሠራሁም። ብረት ግን የትም ብረት ነው፤ የጨው ውኃ ምን እንደሚያደርገው ከጅቡቲ በኩል በሚመጡልን ዕቃዎች አይቻለሁ።

የሚነሳ ኪል ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎውን በአንድ ፒን ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ያ ፒን ሁልጊዜ ይወዛወዛል፣ ሁልጊዜ ጨው ውስጥ ነው። ቀዳዳው ሞላላ እየሆነ ይሄዳል። ጀልባዋ መሬት ላይ ስትሆን ኪሉን ይዘህ ወደ ጎን ወዝውዘው። ብዙ ከተንገጫገጨ ፒኑ ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። ፒኑን አውጥቶ በአዲስ መተካት ቶርኖ ላለው ሰው ሥራ አይደለም። ቀዳዳው ያለበት ፋይበርግላስ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዕቃ ስትገዙ "ስቴንለስ ነው" የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። 304 የሚባለውና 316 የሚባለው ይለያያሉ። ለባሕር 316 ነው የሚፈለገው። እሱም ቢሆን አየር በማያገኝበት ጠባብ ቦታ ጨው ውኃ ከተኛበት ከውስጥ ይበላል። ላዩ እያበራ ውስጡ ያለቀ ቡሎን በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ስለዚህ ምሰሶውን የሚይዙት ካቦዎች ከጀልባዋ አካል ጋር የሚገናኙባቸውን ላሜራዎች ፈትታችሁ እዩ። ወለሉን የሚያቋርጡበት ቦታ ላይ ነው የሚሞቱት። የካቦዎቹን ጫፍ በጨርቅ ይዛችሁ ጎትቱ። ጨርቁን የሚነክስ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ካቦው አልቆለታል። ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ካለፈ ደግሞ ደህና ቢመስሉም መቀየሩ ይሻላል። አንድ ካቦ ሲበጠስ ምሰሶው አብሮ ነው የሚሄደው።

ምሰሶው አሉሚኒየም ስለሚሆን ስቴንለስ ብሎን በቀጥታ የገባበት ቦታ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። በመሃላቸው ፕላስቲክ ወይም ለዚሁ የሚሆን ቅባት መኖር አለበት።

ለቋሚ ኪልም ይኸው ነው። ኪሉን የያዙት ቡሎኖች ዳዶ ከውስጥ ይታያል። በዙሪያቸው ዝገት ወይም ስንጥቅ ካለ አትግዙ፤ ወይም ቡሎኖቹ እስኪቀየሩ ዋጋው ይውረድ።

ኮምፔንሳቶ

እኔ አናጢ ነኝ፣ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ሰፈር አካባቢ። ባሕር አላውቅም፤ ይህን ክር ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥያቄ አለኝ። ጀልባ ራሳችን ብንሠራስ? ኮምፔንሳቶ አለ፣ ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫም ይገኛል።

ምጽዋ_ሐረር

ለኮምፔንሳቶ፦ የተባረክ ነህ። 7 ሜትር ኪል ያለው ጀልባ ግን የመጀመሪያ ሥራህ አይሁን። ከ3 እስከ 3.5 ሜትር የሆነች፣ ኪል የሌላት፣ መሃሏ ላይ ሰሌዳ የሚወርድባት ትንሽ ጀልባ ሥራ። አንድ ሸራ ይበቃታል። እነዚህን ልጆችም አስተምርባት። ሸራ የሚለመደው በትንሽ ጀልባ ነው። ትልቋ ጥፋትህን ትሸፍንልሃለች፤ ትንሿ ወዲያው ትነግርሃለች።

ኮምፔንሳቶውን ስትመርጥ ከየሉሁ ቁራጭ ቆርጠህ ውኃ ውስጥ ደህና አድርገህ ቀቅለው። ከደረቀ በኋላ ንብርብሩ ከተላቀቀ ሙጫው ለውኃ አይሆንም፤ ለቁም ሣጥን ይሁን። ጠርዞቹን ሁሉ ደግሞ ኢፖክሲ አጠጣቸው። ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

መካኒካል_መምህርት

ለሙከራው ሐረማያ ሐይቅ ቅርብ ነው። ደርቆ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን ውኃው ተመልሷል። ከአካባቢው ሰውና ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ጥልቀቱንም በእንጨት ለክታችሁ ማለቴ ነው።

ደግሞ ይህን አስቡ። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከጅቡቲው ይልቅ ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው። ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በዚያው ልክ ያንሳል። እዚያ ሙሉ ሸራ የቻላችሁበት ነፋስ ጅቡቲ ላይ ይከብዳችኋል።

ነፋስ እንዴት እንደሚከብድም ልጨምር። ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ10 ኖት ወደ 20 ኖት ሲሄድ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው እጥፍ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ሸራ ማሳጠር ቶሎ መጀመር ያለበት።

ጅቡቲ_ማዶ

ሸራ ማሳጠር ላይ ልቆይ፤ እኔ በየቀኑ የማየው ችግር ይህ ነው።

ዋናው ሸራ ከታች በኩል ተጎትቶ ታጥፎ ቡሙ ላይ፣ ማለትም የሸራውን ታች በሚይዘው አግድም ዘንግ ላይ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ሁለት ደረጃ አለው። የፊቱ ሸራ ደግሞ ይጠቀለላል ወይም በትንሽ ይቀየራል። ጀልባ ስትገዙ ይህ ገመድ ሁሉ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ብዙ አሮጌ ጀልባ ላይ ማሳጠሪያው ገመድ ተነቅሎ ጠፍቷል። ባለቤቱ ሲጠየቅ "አያስፈልግም" ይላል። ያስፈልጋል።

መቼ ነው የምታሳጥሩት? የመሪውን እጀታ የያዘው ሰው ክንዱ መወጠር ሲጀምር። ጀልባዋ አፍንጫዋን በራሷ ወደ ነፋሱ ማዞር ትፈልጋለች፤ እሱ ይጎትታታል። ይህ ጉልበት የሚመጣው ስታዘነብል የሸራው ግፊት ከጀልባዋ አካል ወደ ጎን ስለሚወጣ ነው። ትንሽ ቢኖር ጥሩ ነው፤ እጀታው ቢለቀቅ ጀልባዋ ራሷ ወደ ነፋሱ ዞራ ትቆማለችና። ሲበዛ ግን መሪው እንደ ፍሬን ይጎትታል። ዋናውን ሸራ አሳጥሩ፤ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች፣ ብዙ ጊዜ ፍጥነቷም ይጨምራል። ተሳፋሪዎቼ ሁልጊዜ የሚገረሙት በዚህ ነው። እኔም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከነፋስ ጋር ስትሄዱ ደግሞ ቡሙን ፍሩት። ነፋሱ ከኋላ ሆኖ በድንገት በሌላው በኩል ከያዘው ከጎን ወደ ጎን በአንድ ጊዜ ይሻገራል። የሰው ጭንቅላት ከፍታ ላይ ነው የሚያልፈው። ወደ ፊት በኩል በገመድ አስራችሁ ያዙት። መዞር ስትፈልጉ መሳቢያውን ገመድ እስከ መሃል ሰብስባችሁ ቀስ ብላችሁ አሻግሩት። ነፋሱ ከበረታ ግን የጀልባዋ ኋላ ነፋሱን እያቋረጠ መዞሩን ትታችሁ በአፍንጫ በኩል፣ ማለትም አፍንጫዋ ነፋሱን እያቋረጠ ዙሩ። ዙሩ ረጅም ነው፤ ግን ማንም አይመታም።

የከዚራው

አቦ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ጓደኞቼንም አስነብቤያቸዋለሁ። አንደኛው ግን አሁንም ይከራከራል። "ለዳርቻ ጉዞ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል፣ መሬት እያየን ነው የምንሄደው" ይላል። ምን ልበለው?

ምጽዋ_ሐረር

መሬት ማየት መሬት ላይ መሆን አይደለም በለው። ጀልባ የሚሰበረው መሬት አጠገብ ነው። መሃል ባሕር ላይ የምትመታው ነገር የለህም፤ ነፋሱ ወደየትም ቢገፋህ ጊዜ አለህ። ዳርቻ ላይ ግን ነፋሱ ወደ ኮራሉ እየገፋህ ከሆነ ያለህ ጊዜ አጭር ነው።

አንድ ታሪክ ንገረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1979 ፋስትኔት የሚባለው ውድድር ላይ 303 ጀልባዎች ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ ዳርቻ ሲጓዙ ከባድ ወጀብ አገኛቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎች ሰዎቻቸው ጥለዋቸው ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በኋላ ሲገኙ ተንሳፍፈው ነበር፤ የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ትናንሽ ጀልባዎች ሚዛን በስፋት ጥናት የተደረገው። ሰፊና ቀላል ጀልባ ተገልብጦ እንደተገለበጠ ሊቀር እንደሚችል ሰው በደንብ የተረዳው ያኔ ነው። እኛ የተማርነው ሌላ ነገርም አለ፦ ጀልባዋ እየተንሳፈፈች እሷን ጥላችሁ አትውጡ።

ስለ ጠባቧ ጀልባ ደግሞ አትፈር። ፎልክቦት የምትባል ጀልባ አለች፤ በ1942 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስካንዲኔቪያ ውስጥ የተነደፈች። ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ስፋቷ 2.2 ሜትር ብቻ ነው። ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ኪሏ ላይ ያለ ብረት ነው። ውስጧ ማንም ቀጥ ብሎ አይቆምም። በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው ብቻን አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር ሁለተኛ የወጣው ሰው የነዳው ምሰሶዋና ሸራዋ የተቀየረላት ፎልክቦት ነው። ያንተ ሁለተኛዋ ጀልባ እሷን አትሆንም። ዘመዷ ግን ናት።

መገላ_ልጅ

ስለ ሞተር ያልኩትን ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ? ዋና የማይችል ጓደኛ አለኝ፣ አብሮ መሄድ ይፈልጋል።

ጅቡቲ_ማዶ

የሕይወት ጃኬት ከመሬት ጀምሮ ይልበስ። ስንደርስ ይለብሳል የሚባል ነገር የለም። ነፋስ ሲኖርና ማታ ደግሞ ሁሉም ሰው በማሰሪያ ገመድ ጀልባዋ ላይ ይታሰር። ትልቁ ዘዴ አለመውደቅ ነው።

ከወደቀ አንድ ሰው ዓይኑን ከእሱ ላይ ሳያነሳ በጣቱ እያመለከተ ይቆይ። ሌላ ሥራ አይስጡት። ሞገድ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ወዲያው ይጠፋል። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርወርለት። መሪ የያዘው ሰው ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ በአፍንጫ በኩል ዞሮ፣ ከነፋሱ በታች ሆኖ ይጠጋና ሸራውን ለቆ ከወደቀው ሰው አጠገብ ይቁም። ይህን በባዶ ጀሪካን ተለማመዱ። ደግማችሁ ደጋግማችሁ።

የመጨረሻው ችግር ማውጣቱ ነው። ልብሱ የረጠበ ሰው በእጅ ጎትቶ ማውጣት ለሁለት ጎበዝ እንኳ ከባድ ነው። የሚወርድ መሰላል ያላት ጀልባ ግዙ። የመጀመሪያዋ ኋላዋ ላይ መሰላል ካላት ይህ ለእሷ ትልቅ ነጥብ ነው።

የከዚራው

መሰላል ያላት ሁለተኛዋ ነች። የመጀመሪያዋ የላትም።

የመጀመሪያዋን መሬት ላይ ወጥታ አየናት፤ ባቡር_ወርክሾፕ እንዳሉት ኪሏን ወዘወዝነው። በጣም ይንገጫገጫል። የሚቆለፍበት ቀዳዳ አለ፤ ቡሎኑ ግን የለም። ባለቤቱ ጠፍቶ ነው አለን። የሁለተኛዋ ኪል ቡሎኖች ዙሪያቸው ደረቅ ነው፣ ስንጥቅም የለም። ካቦዎቿ ግን ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ጨርቁን ነክሷል።

ጓደኞቼ አሁን ወደ ሁለተኛዋ አዘንብለዋል። ባለቤቷ ከፈለጋችሁ ባሕር ላይ ሞክሯት ብሎናል። ስንሞክር ምን እናድርግ?

ባቡር_ወርክሾፕ

በዚያ ካቦ አትውጡ። መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ባለቤቱ ይቀይር ወይም እናንተ ቀይራችሁ ከዋጋው ይቀነስ፤ ምሰሶው ግን በዚያ ካቦ ላይ ሆኖ ሸራ አይከፈትም።

ምጽዋ_ሐረር

ወንድሜ ትክክል ነው። ካቦው ከተቀየረ በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ውጡ። ጠዋት ነፋስ በሌለበት ጀልባ ሁሉ ጥሩ ነው። እኅታችን ጅቡቲ_ማዶ ወይም ሌላ ልምድ ያለው ሰው አብሯችሁ ይኑር።

መጀመሪያ ሙሉ ሸራ አይደለም የምትሞክሩት። ዋናውን አሳጥሩ፣ የፊቱን አሳንሱ፤ በዚያ ሁኔታ ነፋሱን ተጋፍጣችሁ ሂዱ። በአፍንጫ በኩል ዙሩ። ሞገድ ውስጥ ሳትቆም ትዞራለች? ሦስቴ አራቴ አዙሯትና በመሬት ላይ ምልክት ይዛችሁ በእርግጥ ወደ ነፋሱ እየቀረባችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ካለፈች ግማሹን ፈተና አልፋለች።

ቀጥሎ ማቆም ሞክሩ። በአፍንጫ በኩል አዙሯት፤ የፊቱን ሸራ ገመድ ግን አትልቀቁ። ሸራው በተቃራኒው በኩል ይወጠራል። ከዚያ መሪዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ እሰሩት። የፊቱ ሸራ አፍንጫዋን ከነፋስ ያርቃል፣ መሪውና ዋናው ሸራ ይመልሷታል፤ እሷ በመሃል ረጋ ብላ ቀስ እያለች ወደ ጎን ትሄዳለች። የሚናወጠው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሰው ሲታመም፣ ካርታ ማየት ሲያስፈልግ፣ ሸራ ማሳጠር ሲያቅት የሚያድናችሁ ይህ ነው። ቋሚ ኪል ያላት ጀልባ ይህን ደህና አድርጋ ትሠራለች።

ስትመለሱ መልህቅ ጣሉ። ጥልቀቱ 4 ሜትር ከሆነ 20 ሜትር ሰንሰለት ይውጣ። ገመድ ከሆነ 28 ሜትር። ባሕሩ የሚጨምረውንም አስቡበት፤ 4 ሜትር የነበረው 6 ሊሆን ይችላል። መልህቁ አሸዋ ላይ ይረፍ። ኮራል ላይ ከጣላችሁ ኮራሉን ትሰብራላችሁ፣ መልህቁም ሥሩ ገብቶ አይነሳም።

የከዚራው

ጋሼ፣ ገባኝ። ጅቡቲ_ማዶ እህቴ፣ አብረሽን ትወጫለሽ? ካቦው እስኪቀየር የሚቆይ ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ሰኔ እንዳይገባብን ሰጋሁ።

ጅቡቲ_ማዶ

እወጣለሁ፣ በደስታ። ሰኔ ከገባ ግን እስከ ጥቅምት ጠብቁ። እስከዚያ ሸራዋን አውርዳችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ፤ የጅቡቲ ፀሐይ ጨርቁን ሳይሆን መጀመሪያ ስፌቱን ነው የሚበላው። ክሩን በጥፍርህ ፋቀው፤ ከተበጠሰ ከመውጣታችን በፊት በድጋሚ ይሰፋ። የፊቱን ሸራ ጠርዝ አስቀድመህ እየው፣ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ ውጭ የሚያድረው እሱ ነው።

ኮምፔንሳቶ

ስፌቱን ለኔ አምጡት። ከጎኔ የድንኳን ሸራ የሚሰፋ ሰው አለ፤ ወፍራም መርፌ ያለው ማሽን አለው። ክሩ ግን ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ እንዳታመጡለት።